ኦዲዮሞዝን ዛፍ ላይ ከመስቀላችሁ በፊት፦ ፈርምዌሩን ማደስና መፈተን

ጫካ ውስጥ ለብቻው የሚያድር መቅጃ ሲሳሳት አፍ አውጥቶ አይናገርም። መብራቱ ብልጭ ይላል፣ ሚሞሪው ይሞላል፣ የባትሪ ድንጋዩ ያልቃል። ተሸክማችሁት ቤት ስትገቡና ፋይሉን ስትከፍቱ ነው ጉዱ የሚታየው።

እኔ የተማርኩት በኪሳራ ነው። ሱባ ጫካ ጎህ ሲቀድ የሚያገሱትን ጉሬዛዎች ልንቀዳ አራት መሣሪያ ሰቀልን። የሚነቁበትን ሰዓት የሞላሁት እኔ ነበርኩ፤ «12፡00» ብዬ፣ ከጧቱ 12 ሰዓት ማለቴ ነው። መሣሪያው ደግሞ የሚያውቀው የፈረንጅ ሰዓት ነው፣ ያውም የግሪንዊቹን። ከሁለት ሳምንት በኋላ ስናወርዳቸው የተቀዳው ሁሉ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ የሚነፍሰው ነፋስና ማይኩን የሚዞር ዝንብ ሆኖ ተገኘ። ፈርምዌሩን፣ ማለትም መሣሪያውን ከውስጥ የሚያሠራውን ፕሮግራም፣ ያደስነው በዋዜማው ማታ ነበር። አንድ ሌሊት ግቢ ውስጥ አሳድረነው ቢሆን ኖሮ ስህተቱ በማግስቱ ጠዋት ይታየን ነበር።

ፈርምዌር ማደስ ራሱ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ይህ መመሪያ የረዘመው ከማደሱ በፊትና በኋላ ባለው ሥራ ነው።

ስለ መሣሪያው ባጭሩ

ኦዲዮሞዝ የዱር አራዊትን ድምፅ ለመቅዳት የተሠራ፣ የኤሌክትሮኒክስ ንድፉም ፕሮግራሙም ለሁሉም ክፍት የሆነ መቅጃ ነው። የጀመሩት በእንግሊዝ የሳውዝሃምፕተንና የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሲሆኑ ቡድናቸው ኦፕን አኩስቲክ ዲቫይስስ ይባላል። ስለ መሣሪያው የጻፉት ጥናት በ2018 እ.ኤ.አ. ታትሟል። የሌሊት ወፍ ለመከታተልም፣ በቤሊዝ ጫካ የአዳኞችን የጠመንጃ ተኩስ ለመለየትም ውሏል። ስሙን «ኦዲዮሞት» ብለው የሚጽፉ አሉ። የስሙ መጨረሻ በእንግሊዝኛ የእሳት እራት ማለት ነው፤ እኔ ግን ብቻውን ጫካ የምልከው ዕቃ ላይ «ሞት» መለጠፍ ስለከበደኝ በ«ዝ» እጽፈዋለሁ።

ሰሌዳው 58 በ48 ሚሊሜትር ነው። ከጀርባው ሦስት ኤኤ (AA) የባትሪ ድንጋይ ይይዛል፣ በማይክሮ ኤስዲ ሚሞሪ ላይ ይጽፋል። ከ8 ሺህ እስከ 384 ሺህ ናሙና (የድምፅ ልኬት) በሰከንድ መቅዳት ይችላል። አንጎሉ የሲሊከን ላብስ ወንደር ጌኮ የሚባል ቺፕ ሲሆን 256 ኪሎባይት የፕሮግራም ማስቀመጫ አለው። የመጀመሪያዎቹን 16 ኪሎባይት የያዘው ማስነሻው ነው፣ ማለትም መሣሪያውን የሚያስነሳውና አዲስ ፈርምዌር የሚቀበለው ትንሽ ፕሮግራም፤ ፈርምዌሩ የሚጻፈው ከእሱ ቀጥሎ ነው። ይህቺን ነገር ያዙልኝ፤ መብራት ጠፍቶባችሁ እድሳቱ በመሃል ቢቋረጥ የምታድናችሁ እሷ ናት።

ጎኑ ላይ ያለችው ስዊች ሦስት ቦታ አላት። «ዩኤስቢ/ኦፍ» ከኮምፒውተር ጋር ለማገናኘትና ለማጥፋት ነው። «ዲፎልት» ላይ ምንም ሳትሞሉት ወዲያው መቅዳት ይጀምራል፦ በ48 ሺህ ናሙና፣ 55 ሰከንድ ቀድቶ 5 ሰከንድ እያረፈ። «ከስተም» ደግሞ እናንተ በሞላችሁት ፕሮግራም ይሠራል።

መጀመሪያ፦ ማደስ ያስፈልጋል ወይ?

አዲስ ቅጂ ወጣ ማለት ማደስ አለባችሁ ማለት አይደለም። ፀሐይ መውጫና መግቢያን ተከትሎ መቅዳትን፣ ድምፅ ሲሰማ ብቻ መጻፍን ወይም የማያስፈልግ ድምፅን ማጣራትን የመሰለ እናንተ ዘንድ የሌለ ችሎታ ከፈለጋችሁ፣ ወይም አሁን የሚያስቸግራችሁ ስህተት በአዲሱ ቅጂ መታረሙ ከተጻፈ አድሱ። ጥናት ጀምራችሁ መሃል ላይ ከሆናችሁ ግን እጃችሁን ሰብስቡ። የግንቦቱ ድምፅ በአንድ ፈርምዌር፣ የሰኔው በሌላ ከተቀዳ በኋላ የሚታየው ልዩነት የወፎቹ ይሁን የፕሮግራሙ መለየት ያስቸግራል። ከዚህም የሚብሰው ከአሥር መሣሪያ አራቱን አድሶ ስድስቱን መተው ነው። ወይ ሁሉንም፣ ወይ አንዱንም።

ከተማ ሳላችሁ የሚጠናቀቅ

ሦስት ፕሮግራሞች በኮምፒውተራችሁ ላይ ያስፈልጋሉ፤ ሦስቱም በነፃ ይገኛሉ፣ በዊንዶውስም በማክም በሊኑክስም ይሠራሉ። ፍላሽ አፕ ፈርምዌር ይጭናል። ኮንፊገሬሽን አፕ ሰዓቱንና የቅጂውን ፕሮግራም ይሞላል። ታይም አፕ የመሣሪያውን ሰዓት ብቻ ያስተካክላል። ፍላሽ አፑ የፈርምዌር ቅጂዎችን ዝርዝር ከኢንተርኔት ስለሚያመጣ ኔትወርክ ከሌለ ባዶ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ የምትፈልጉትን የፈርምዌር ፋይል አስቀድማችሁ አውርዱና በፍላሽም በኮምፒውተርም አስቀምጡ፤ አፑ ከኮምፒውተሩ ውስጥ የተቀመጠ ፋይል መርጦ ይጭናል። አሁን መሣሪያው ላይ ያለውን የድሮውንም ቅጂ አብራችሁ አውርዱ። ወደ ኋላ መመለስ ቢያስፈልግ መንገዱ እሱ ነው።

ገመዱን አትናቁ፤ ገበያ ላይ ካሉት ማይክሮ ዩኤስቢ ገመዶች ብዙዎቹ ቻርጅ ከማድረግ ውጭ ዳታ አያሳልፉም። በእርግጠኝነት ዳታ የሚያሳልፍ አንድ ገመድ ለዩና ቀይ ፕላስተር ጠቅልሉበት። እኔ ዘንድ ቀዩን ፕላስተር የነካ ሰው ይጠየቃል።

የ«በፊት» መለኪያ

ብዙ ሰው የሚዘለው እዚህ ላይ ነው። ከታደሰ በኋላ «ደህና ይሰማል» ለማለት፣ ከመታደሱ በፊት እንዴት ይሰማ እንደነበር የሚያሳይ ፋይል ያስፈልጋችኋል።

ስልካችሁ ላይ ድምፅ የሚያመነጭ ማንኛውንም አፕ ጫኑና 1000 ኸርዝ ላይ አድርጉት። ስልኩንና መሣሪያውን ጠረጴዛ ላይ አንድ ሜትር አራርቁ፤ ቦታቸውን በፕላስተር ምልክት አድርጉ፣ የስልኩንም የድምፅ መጠን መዝግቡ። ስዊቹን «ዲፎልት» ላይ አድርጋችሁ ሦስት ደቂቃ ቅዱ። በመጀመሪያው ደቂቃ ድምፁን ክፈቱ፣ በሁለተኛው ዝጉት፣ በሦስተኛው ምንም ሳትነኩ ጸጥ በሉ። ያ ጸጥታ የመሣሪያውን የራሱን ጭረት፣ ማለትም ሰው በሌለበት የሚያሰማውን «ሽ…» ያሳያችኋል። ይህን በሁሉም መሣሪያ ላይ ድገሙት። የምትቀዱት ሌሊት ይሁን፤ የእኔ ሰፈር ውሾች ከሌሊቱ 8 ሰዓት በፊት ዕረፍት ስለማያውቁ እኔ ከዚያ በኋላ ነው የምጀምረው።

ከሚሞሪው ላይ ፋይሎቹን ወደ ኮምፒውተር ገልብጡና «በፊት» በሚል ማህደር በየመሣሪያው ቁጥር አስቀምጡ።

እድሳቱ

ሚሞሪውን አውጡ፤ ለዚህ ሥራ አያስፈልግም። ስዊቹን ወደ «ዩኤስቢ/ኦፍ» አምጡና ገመዱን በቀጥታ ኮምፒውተሩ ላይ ሰኩ፤ በማከፋፈያ በኩል አትሂዱ። ፍላሽ አፑን ስትከፍቱ የመሣሪያውን መለያ ቁጥርና አሁን ያለበትን የፈርምዌር ቅጂ ያሳያችኋል። ሁለቱንም ደብተር ላይ ጻፉ።

ቤዚክ የሚባለውን ፈርምዌር ምረጡ። ሌሎችም አሉ፦ አንዱ መሣሪያውን ወደ ዩኤስቢ ማይክ ይለውጠዋል፣ ሌላው ተጨማሪ ጂፒኤስ ለተገጠመለት ነው። ለተራ የመስክ ቅጂ ቤዚኩ በቂ ነው። ከዚያ የመጫኛውን ቁልፍ ተጫኑና እጃችሁን አንሱ። አፑ መሣሪያውን ወደ ማስነሻው ይወስደዋል፣ ፋይሉን በትንንሽ ቁራጭ ይልካል፣ ሲጨርስም የደረሰው ከተላከው ጋር አንድ መሆኑን ያመሳክራል። «ተሳክቷል» የሚል መልእክት እስክታዩ ገመዱን አትንቀሉ።

አፑ ማስነሻውንም ደርቦ የመጻፍ ምርጫ አለው። ለዚህ የሚያበቃ በቂ ምክንያት ከሌላችሁ አትንኩት። ተራ እድሳት በመሃል ቢቋረጥ ማስነሻው እንዳለ ስለሆነ እንደገና መጫን ነው፤ ማስነሻው ራሱ በግማሽ ከተጻፈ ግን ልዩ መሣሪያ የሚፈልግ ሥራ ውስጥ ትገባላችሁ።

አንዱ ከተጠናቀቀ በኋላ ወደ ሌላው አትሂዱ። አንዱን ብቻ አድሳችሁ ከታች ያለውን ፈተና በሙሉ አሳልፉት፤ ካለፈ ሌሎቹን በአንድ ቀን ጨርሱ።

ፈተናው

ማንነቱን። ገመዱን ነቅላችሁ መልሱና ኮንፊገሬሽን አፑን ክፈቱ። የፈርምዌሩ ቁጥር አዲሱ መሆን አለበት። የመለያ ቁጥሩ ደግሞ ደብተራችሁ ላይ ካለው ጋር መግጠም አለበት፤ አሥር መሣሪያ ጠረጴዛ ላይ ሲደረደር መደባለቅ ቀላል ነው።

ሰዓት ሳይሞላ። ይህችን ፈተና የምወዳት ቅንነት ስላላት ነው። ሚሞሪና የባትሪ ድንጋይ አስገቡ፣ ሰዓቱን ግን አትሙሉ። መጀመሪያ «ከስተም» ላይ አድርጉት፦ ቀዩና አረንጓዴው መብራት አብረው እየተብለጨለጩ «ሰዓቴን አላውቅም» ይሏችኋል፤ አይቀዳም። ከዚያ «ዲፎልት» ላይ አድርጉት፦ መቅዳት ይጀምራል። ፋይሎቹ ስማቸው በ19700101 ይጀምራል፤ ሰዓት የሌለው መሣሪያ ከጥር 1 ቀን 1970 እ.ኤ.አ. ስለሚቆጥር ነው። ወደፊት ከጫካ በመጣ ሚሞሪ ላይ 1970 ካያችሁ ሰው ሰዓቱን ሳይሞላ ወይም ድንጋዩ ወልቆ ሰዓቱ ጠፍቶ መሰቀሉን ወዲያው ታውቃላችሁ።

የፋይሉን መጠን። ሒሳቡ ቀላል ነው። 48 ሺህ ናሙና፣ እያንዳንዱ 2 ባይት፣ በሰከንድ 96 ሺህ ባይት። በ55 ሰከንድ 5,280,000 ባይት፤ በላዩ ጥቂት መቶ ባይት የፋይሉ ራስጌ (ስለ ቅጂው መረጃ የሚጻፍበት መጀመሪያው) ይጨመራል። ፋይሎቹ ሁሉ እዚህ ቁጥር ላይ መዋል አለባቸው። አንዱ አጥሮ ከተገኘ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የፈርምዌሩ ሳይሆን የሚሞሪው ነው፤ በሌላ ሚሞሪ ድገሙት። ለሌሊት ወፍ በ384 ሺህ የምትቀዱ ከሆነ የግድ በዚያው ፍጥነት ፈትኑ፤ በሰዓት 2.76 ጊጋባይት መጻፍ ለርካሽ ሚሞሪ ዳገት ነው። በ48 ሺህ ያለፈ ሚሞሪ እዚያ ሊወድቅ ይችላል።

ጆሮውን። የስልኩን ፈተና በዚያው ቦታ፣ በዚያው መጠን፣ በዚያው ሰዓት ድገሙ። ሁለቱን ፋይሎች ኦዳሲቲ በሚባለው የድምፅ ማረሚያ ፕሮግራም ውስጥ ጎን ለጎን ክፈቱ። ድምፁ 1000 ኸርዝ ላይ ቀጥ ብሎ መታየት አለበት። ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ከሸሸ የናሙናው ፍጥነት ተዛብቷል ማለት ነው። ጩኸቱ ከበፊቱ ጎልቶ ወይም አንሶ ከታየ መሣሪያው ድምፅ የሚያጎላበት ደረጃ በሁለቱም ጊዜ አንድ መሆኑን አረጋግጡ። የጸጥታዋን ደቂቃ ደግሞ በጆሮ ማዳመጫ ስሙ፤ ከበፊቱ የተለየ ትርታ ወይም «ትክ ትክ» ካለ ወደ ጫካ አይሄድም።

የምስክር ወረቀቱን። በቅርብ ዓመታት የፈርምዌር ቅጂዎች መሣሪያው ሚሞሪው ላይ «ኮንፊግ» የሚል የጽሑፍ ፋይል ይጥላል፤ የመሣሪያው መለያ፣ የፈርምዌሩ ስምና ቁጥር፣ የሞላችሁት ፕሮግራም ሁሉ እዚያ አለ። በየድምፁ ፋይል ራስጌ ላይም ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ የባትሪው ቮልት፣ የመሣሪያው ሙቀት ሳይቀር ተጽፎ ይገኛል፤ ኦዳሲቲ ውስጥ የፋይሉን መረጃ ስትከፍቱ ታዩታላችሁ። እነዚህን ሰርዞ ድምፁን ብቻ ማስቀመጥ መታወቂያ እንደመጣል ነው።

ሰዓት፣ የእኛ ችግር

የጀርመን ወይም የእንግሊዝ ሰው በአንድ መስመር የሚያልፈው ነገር እኛን ያደናግረናል። አፑ ሰዓት የሚቆጥረው በ24 ሲሆን ሳትቀይሩት የሚሠራው በዩቲሲ፣ ማለትም በግሪንዊች ሰዓት ነው። ኢትዮጵያ ከዩቲሲ ሦስት ሰዓት ትቀድማለች፤ የአገራችን ሰዓት አቆጣጠር ደግሞ ከፈረንጁ ስድስት ሰዓት ይለያል። ሁለቱ ተጣምረው አንድ አቋራጭ ሰጥተውናል፦ በእኛ ሰዓት ላይ 3 ደምሩ፣ ከ12 ካለፈ 12 ቀንሱ፣ ከዚያ ከሁለቱ የቀን ግማሾች በየትኛው እንደሚወድቅ ለዩ።

ከጧቱ 12 ሰዓት 03፡00 ነው። ከምሽቱ 1 ሰዓት 16፡00 ነው። ከቀኑ 9 ሰዓት ደግሞ 12፡00፤ እኔ የተሰናከልኩባት። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ በዩቲሲ ቀኑ ይቀየራል፤ ስለዚህ ከሌሊቱ 8 ሰዓት የተቀዳ ፋይል የፈረንጁን የትናንት ቀን ይዞ ይገኛል። ከምሽት እስከ ንጋት የምትቀዱ ከሆነ የአንድ ሌሊት ሥራችሁ ለሁለት ቀን ተከፍሎ ይጠብቃችኋል፤ አትደንግጡ።

አፑን ወደ አካባቢው ሰዓት መቀየርም ይቻላል። ያኔ የሚቀረው ስድስቱ ሰዓት ብቻ ነው። የእኔ ምክር ግን ሁሉም ሰው በዩቲሲ እንዲሠራና የደብተሩ ሠንጠረዥ ላይ የአበሻው ሰዓት ጎን ለጎን እንዲጻፍ ነው። አንዱ በአካባቢ ሰዓት፣ ሌላው በዩቲሲ የሞላበት ቡድን በኋላ ፋይል ሲያመሳስል ያለቅሳል።

ለፈተናው ነገ ነቅቶ ያለ ዕረፍት የሚቀዳበትን ሁለት ደቂቃ ምረጡ፤ ለምሳሌ ከጧቱ 1 ሰዓት፣ ማለትም 04፡00። አዘጋጁት፣ «ከስተም» ላይ አድርጋችሁ ተኙ። ጠዋት ስልካችሁ 1 ሰዓት ከ1 ደቂቃ ሲል መሣሪያው ፊት አንዴ አጨብጭቡ። ጭብጨባው ፋይሉ ውስጥ 60ኛው ሰከንድ ላይ ወይም አጠገቡ መገኘት አለበት። በአንድ ሌሊት ከሁለትና ሦስት ሰከንድ በላይ ከሸሸ ያንን መሣሪያ ለይታችሁ አስቀምጡት፤ በወር የሚሸሸውን አስቡት።

ሌሊቱን ውጭ

ቀጥሎ መሣሪያውን ጫካ በሚገባበት ሣጥን ወይም ላስቲክ ውስጥ አሽጋችሁ፣ ጫካ የሚሠራበትን ፕሮግራም ሞልታችሁ ግቢ ውስጥ ስቀሉት። ቢቻል ሦስት ሌሊት። አፑ ፕሮግራሙን ስትሞሉ በቀን ስንት ፋይል፣ ስንት ሜጋባይትና በግምት ምን ያህል የባትሪ ኃይል እንደሚወስድ ከታች ይጽፍላችኋል። ያንን ገልብጡና ከተገኘው ጋር አስተያዩ። ለጉሬዛ በ16 ሺህ ናሙና በቀን ሦስት ሰዓት ብንቀዳ ወደ 346 ሜጋባይት ነው፤ ባለ 32 ጊጋባይት ሚሞሪ ሦስት ወር ገደማ ይችላል። ድንጋዩ ግን አይችል ይሆናል፤ ለዚህ ነው በየፋይሉ ራስጌ ያለውን ቮልት በየቀኑ አንብቡ የምለው። በሦስት ቀን ውስጥ በፍጥነት ካዘቀዘቀ ድንጋዩ አርጅቷል፣ ወይም አስመስሎ የተሠራ ነው።

ሣጥኑን አልብሶ መፈተን የረሳ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያገኘው ላስቲኩ በነፋስ ሲንኮሻኮሽ ነው። ያ የፈርምዌር ችግር አይደለም፤ ግን ፈርምዌሩ ይታማበታል።

እምቢ ሲል

አፑ መሣሪያውን ካላየው መጀመሪያ ስዊቹን፣ ቀጥሎ ገመዱን፣ ከዚያ የኮምፒውተሩን ሌላ መሰኪያ ሞክሩ። ከአሥር ዘጠኙ እዚህ ላይ ያልቃል። ሊኑክስ ላይ ተራ ተጠቃሚ መሣሪያውን እንዲያናግር የሚፈቅድ አንድ አጭር ፋይል መጨመር ግድ ነው፤ አሠራሩ ከአፑ ጋር ተጽፎ ይመጣል። በጣም የቆየ ፈርምዌር ያለበት መሣሪያ በአፑ ትእዛዝ ብቻ ወደ ማስነሻው አይገባም፤ ሰሌዳው ላይ ያሉ ሁለት ነጥቦችን በሽቦ አገናኝቶ ገመዱን መሰካት ያስፈልገዋል። የትኞቹ ነጥቦች እንደሆኑ የሠሪዎቹን ሥዕል ሳታዩ በግምት አትንኩ።

«ከስተም»ም ሆነ «ዲፎልት» ላይ ሁለቱ መብራቶች ረዘም አድርገው አብረው ከበሩ ሚሞሪውን ማንበብ አልቻለም ማለት ነው። ስልክ ላይ ሲሠራ የነበረ ሚሞሪ ይህን ያደርጋል፤ በኮምፒውተር እንደ አዲስ ፎርማት አድርጉት።

የራሳችሁን ፈርምዌር ለምትሠሩ

ኮዱ ክፍት ስለሆነ ቀይሮ መጫን ይቻላል፤ እዚህ ላይ አንድ ነገር ብቻ ልበል። ኮዱን ከነካችሁ ውስጡ የተጻፈውን የፈርምዌር ስምና ቁጥርም ቀይሩ። ያለዚያ «ኮንፊግ» የሚለው ፋይል ዋናው ቤዚክ እንደሆነ ይመሰክራል፤ ከዓመት በኋላ የትኛው ድምፅ በየትኛው ኮድ እንደተቀዳ ራሳችሁም አታውቁትም። የአቀዳዱን መስመር የነካ ለውጥ ከሆነ ደግሞ ያልተነካ ፈርምዌር ያለበትን ሌላ መሣሪያ አጠገቡ ሰቅላችሁ አንድ ሳምንት አብረው ይቅዱ።

ፈተናውን ላለፈው እያንዳንዱ መሣሪያ ድንጋይ መያዣው ላይ ነጭ ፕላስተር ለጥፉና በማይለቅ እስክሪብቶ ሦስት ነገር ጻፉ፦ የእናንተን ቁጥር፣ የፈርምዌሩን ቁጥር፣ የታደሰበትን ቀን። ቀኑ ላይ «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ማለትን አትርሱ፤ «05/01» ተብሎ የተጻፈ ፕላስተር እኔ ዘንድ አለ፣ መስከረም ይሁን ጥር እስከ ዛሬ አልታወቀም።